የጎረቤት ደጅ

አጎቴ ካረፉ ዓመት ሞላ። የሕይወት ታሪካቸውን ሌሎች ይጻፉት፤ እኔ የማልረሳው የማለዳ መጥረጊያቸውን ነው።

በደርግ ዘመን አዋሳ መሐል ከተማ፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው አውራ መንገድ ዳር ጨርቅ ይሸጡ ነበር። በዚያ መንገድ እያንዳንዱ ባለሱቅ ማለዳ ማለዳ ደጁን ውኃ ረጭቶ ይጠርጋል። አንድ ቀን ጎረቤታቸው የነበረው ሰዓት ሠሪ ተይዞ ተወሰደ፤ ሱቁም ታሸገ። መንገደኛው ያን በር እንዳላየ ሆኖ ማለፍ ጀመረ። አጎቴ ግን የራሳቸውን ደጅ ሲጨርሱ የእርሱንም ይጠርጉ ነበር።

አንድ ማለዳ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ቆመና፣ «ጋሼ፣ የአናርኪስት ደጅ ጥረጉ ያለዎት ማን ነው?» አላቸው።

«አቧራውንስ ጨርቄ ላይ እረፍ ያለው ማን ነው፣ ልጄ?»

«ይቀልዳሉ። በኋላ እንዳይቆጭዎት።»

ጠባቂው ሲሄድ አክስቴ ከጓዳ ወጡ። «እርስዎን የወሰዱ ዕለት የእኛን ደጅ ማን ይጠርግልናል?» አሏቸው። በማግስቱ ግን አጎቴ እንደ ልማዳቸው ሁለቱንም ጠረጉ።

ሰዓት ሠሪው አልተመለሰም። አጎቴ ያረፉ ሰሞን ሴት ልጁ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። አክስቴ አጠገብ ተቀምጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለአባታችን ማልቀስ ተከልክለን ነበር። እናቴ በየማለዳው በመንገዱ ማዶ እያለፈች ደጁ ተጠርጎ አይታ ትመለስ ነበር። ለቅሶ የደረሱን እርሳቸው ብቻ ነበሩ» አለች።

አክስቴ እጅዋን ያዙ። ከዚያም፣ «ምነው በሕይወት ሳሉ በነገርሻቸው» አሏት።