ስልኬ ሰብለ ቦርሳ ውስጥ የዋለበት ቅዳሜ

ባለፈው ቅዳሜ በማለዳው ቫን ውስጥ ተቀምጬ እያጨበጨብኩ ስዘፍን ነበር... እንደ ሞኝ።

እዚህ ሰው አገር ነርሲንግ አብረን የምንማር አሥራ አንድ ሐበሾች ነን። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ዋይዛታ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሄደን እንውላለን ከተባባልን ወር አልፎናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥላ ያለው ቦታ ቶሎ ስለሚያዝ ገና በጠዋቱ ነው የተነሣነው።

ከክፍሉ ልጆች በጣም የምቀርባት ሰብለ ናት። ዓርብ አመሻሽ ላይ ብሩክሊን ፓርክ ቤቴ ድረስ መጣችና «ዛሬ አንቺ ጋ ልደር፣ ጠዋት አብረን እንወጣለን» አለችኝ። እኔ ጋ አድራ አታውቅም። ደስ አለኝ። ራት ከበላን በኋላ እጇን ዘረጋች።

«ስልክሽን አምጪ። ነገ ስልክ የለም ተባብለናል፣ ኮሌክት የማደርገው እኔ ነኝ።»

«አባዬ አሞታል እኮ ሰብልዬ፣ ቢደውሉስ?»

«ሐሙስ አናግረሽው የለ እንዴ? አንድ ቀን እንኳ ሪላክስ አድርጊ በቃ!»

ሰጠኋት። በገዛ እጄ።

በማግስቱ ሁሉም ሰው ደግ ሆኖ ዋለ። የፊት ወንበር ለእኔ፣ ቀዝቃዛው ውኃ ለእኔ፣ የመጀመሪያው የሐብሐብ ቁራጭ ለእኔ። ዓመቱን ሙሉ አኩርፋኝ የከረመች ልጅ ፎጣዋን አንጥፋ «እዚህ ተቀመጪ» አለችኝ። የማያስቅ ነገር ሳወራ ይስቁልኛል... ዞር ስል ደግሞ ፀጥ። ምን ዓይነት ጥሩ ሰዎች ናቸው ብዬ ልቤ ተነካ። አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ጀልባዎቹን ሲያነሣ አየሁት።

«ስልክ የለም አልተባለም እንዴ?» ስለው ሰብለን አያት።

«ለፎቶ ብቻ ነው» አለች እሷ ቶሎ ብላ።

ከምሳ በኋላ ሰብለ ውኃ ውስጥ ገብታ ሳለ የፀሐይ ቅባት ፍለጋ ቦርሳዋን ከፈትኩ። ከሥር አንድ ስልክ ብቻ አለ። የእኔ። ድምፁ ጠፍቷል... አገር ቤት ያለው ወንድሜ ዳዊት ሃያ ሦስት ጊዜ ደውሏል።

ደወልኩለት። ድምፁ ተዘግቷል።

«የት ነበርሽ አንቺ?» አለኝ። «አባዬ ሲቀበር እንኳ ስልክ አታነሺም?»

አሸዋው ላይ ተዘረፈጥኩ።

ነገሩን ቀስ በቀስ ነው የነገረኝ። አባቴ ያረፈው ዓርብ ነው። ዳዊት ብቻዬን እንዳልሰማ ብሎ እዚህ ላሉት ለጋሽ ታደሰ ደወለ። ጋሽ ታደሰ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ እኔም እንደ አባት ነው የማያቸው። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ዳዊት ግን «ዛሬውኑ ይንገሯት፤ ቀብሩ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ በቪዲዮ ትሰናበተዋለች» ብሏቸዋል። እሳቸው «እሺ» ብለው ስልኩን ዘጉ። የቀረውን በኋላ ከሰብለ ነው የሰማሁት፤ በራሳቸው ወሰኑ። ቅዳሜ ግማሹ ሰው ሥራ ገቢ ስለሆነ እሑድ ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ ትረዳ፤ እስከዚያ ጓደኞቿ ይያዟት፤ ስልኳንም ይቀበሏት። ለሰብለ የደወሉላት እሳቸው ናቸው።

ዳዊት ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ካህናቱን ለምኖ ግማሽ ሰዓት አስቁሟቸዋል። «እህቴ ሳታየው አይቀበርም» ብሎ እየደወለ። እዚያ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚህ ገና ማለዳ ነው። አሰላሁት... ያኔ እኔ ቫኑ ውስጥ ነበርኩ።

ሰብለ ከውኃው እየሮጠች መጣች። «ላንቺ ብለን ነው! በእግዚአብሔር፣ ላንቺ ብለን ነው! ከትልቅ ሰው በላይ ልሁን እንዴ?»

«አባቴ አፈር ገብቶ ሐብሐብ እየቆረጣችሁ ታጎርሱኛላችሁ?» ብዬ ጮህኩ። አጠገባችን ጃንጥላ ሥር የነበሩ ፈረንጆች ልጆቻቸውን ሰብስበው ሄዱ። እንኳንም ሄዱ።

እኔ የምሠራው ሮዝቪል፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ሲያርፍ ነርሷ ወዲያው ለልጁ ትደውላለች። ሥራ ላይ ይሁን፣ ጉዞ ላይ ይሁን፣ ይነገረዋል። ስትደውል ስንቴ አጠገቧ ቆሜያለሁ። «እንዴት ያሉ ጨካኞች ናቸው፣ ሰው በስልክ ይረዳል?» እል ነበር። ከእንግዲህ አልልም።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ መጡ። ነጠላ ያዘቀዘቁ አሥራ አምስት ሰዎች። ሰብለ መስማቴን አልነገረቻቸውም፤ ፈርታ ይሁን አፍራ እንጃ። ሳያንኳኩ ከፈትኩላቸው። ጥቁር ለብሼ።

ጋሽ ታደሰ «ልጄ፣ እንግዲህ...» ብለው ጀመሩ።

«ሰምቻለሁ ጋሼ። ከቀብሩ በኋላ።»

ደነገጡ። «ብቻሽን ሰምተሽ እንዳትወድቂ ብለን እኮ ነው የኔ ልጅ። ወጋችንም ነው።»

«ዳዊት ዛሬውኑ ይንገሯት አላለዎትም?»

«ብሎኛል።»

«ታዲያ?»

ዓይናቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ። የእውነት ነው ያለቀሱት፤ አባቴን ይወዱት ነበር። አቅፌያቸው አብሬ አለቀስኩ። ንዴቴ ግን አልበረደም፣ ይኸው እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

እንወድሻለን የምትሉኝ ሁሉ ስሙኝ... የእኔ ሰው ሲሞት ሥራ ላይም ብሆን፣ ድራይቭ እያደረግኩም ብሆን፣ «መኪናውን አቁሚ» በሉና ንገሩኝ። መውደቄ ካልቀረ በሰዓቱ ልውደቅ።