አዳም የተሳፈረባት መርከብ

የመጀመሪያው ዝናብ የቤርሼባን አቧራ ሲመታው የሚነሳው ሽታ በመስኮት በገባ ቁጥር የማስበው የእናቴን እጅ ነው፤ እስከ ክርኑ ድረስ ጭቃ የለበሰ እጅ። ነገሩን ከመጀመሬ በፊት ያሉበትን ሰዎች ልጥራ። እናቴ ይታይሽ፣ ከጎንደር ገጠር ወደ እስራኤል የመጣች ሸክላ ሠሪ፣ በዚያን ጊዜ ግን የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ። የክፍል አስተማሪዬ ሩት፣ ልበ ቀና ሴት። የክፍል ጓደኛዬ ሊዮር፣ አፉ የማያርፍ ልጅ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ በቤት አስረስ፣ በትምህርት ቤት አሸር፣ ዕድሜዬ አሥር። አባቴ ፋብሪካ ፈረቃ ላይ ስለሚውል በዚህ ነገር እጁ የለበትም። ጥፋቱን የማካፍለው ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ።

የምንኖረው ሽኩና ጊሜል በሚባል ሰፈር፣ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። የዳስ በዓል አልፎ ዝናብ ጠብ ሲል፣ እናቴ ከሥራ መልስ ባልዲ ይዛ ከከተማው ዳር ወዳለው ደረቅ ወንዝ ትወርድ ነበር። አፈሩን ቆንጥራ በምላሷ ትቀምስና «ይቺ አሸዋ በዝቶባታል» ብላ ትተፋለች፣ ጥቂት ሄዳ እንደገና ትቀምሳለች። እኔ ጓደኞቼ እንዳያዩኝ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቼ እከተላት ነበር። በአገሯ ሰው እንስራዋን ይገዛል እንጂ እሷን አያከብርም፤ ሸክላ ሠሪ ስለሆነች ቡዳ ይሏት ነበር። «እዚህስ ጭቃ ብነካ ማን ቡዳ ይለኛል?» እያለች ትስቅ ነበር። እኔ ያን ጊዜም አልሳቅሁም።

ክረምቱ ሲገባ፣ ከዛፎች በዓል በፊት፣ ከትምህርት ቤት ወረቀት መጣ። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የእጅ ሥራ ሠርቶ ያቀርባል፣ ወላጅ መጥቶ ያስረዳል ይላል። ርዕሱ በዕብራይስጥ «አዳም ቬቴቫ» ነው፤ ሰውና ተፈጥሮ ማለት ነው። እኔ ግን «ተፈጥሮ» የሚለውን የአማርኛ ቃል አላውቀውም ነበር። ለእናቴ በዕብራይስጥ መመለስ ከለመድኩ ቆይቼ ነበር። ስለዚህ ርዕሱን ሳልተረጉም እንዳለ አነበብኩላት።

«አዳም በቴቫ?» አለች ተገርማ። በዕብራይስጥ ድምፁን መጨረሻው ላይ ጫን ሲሉት ቴቫ መርከብ ይሆናል፣ የኖኅ መርከብ። እናቴ ይህን ቃል ከምኵራብ ታውቀዋለች። «አዳም ከመርከቡ ምን አገባው? ኖኅ አይደለም ወይ?»

«ኬን፣ ኬን» አልኩ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳልነቅል፣ አዎ አዎ ማለቴ ነው። «ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚለው፣ እማ።»

«እንግዲህ የተማሩት ካሉ ያውቁታል» አለችና ተነስታ ወደ ባልዲዋ ሄደች።

ሳምንታት ፈጀባት። ማታ ማታ ታድቦለቡላለች፣ ታፈርሳለች፣ እንደገና ትሠራለች። ሲደርቅላት የበዶዊን ዘላኖች መንጋ ከሚያልፍበት ቦታ በጠጥ ለቅማ፣ ከፎቁ ጀርባ አንድዳ ሸክላዋን ተኮሰችበት። ጢሱ ሽቅብ ሲወጣ የሞሮኮዋ ጎረቤታችን ከሰገነቷ ላይ በዕብራይስጥ «ይታይሽ! ልብሴን አጠብኩት እንጂ አልጠበስኩትም!» ብላ ጮኸች። እናቴም በአማርኛ «በረከት ነው፣ እኅቴ፣ ከእንግዲህ ብል አይበላውም!» ብላ መለሰችላት። ሳይግባቡ ተሳሳቁ። የሚያስተረጉሙት እኔን ቢሆን ኖሮ ይጣሉ ነበር ብዬ አስባለሁ።

መርከቧ ጣሪያም መቅዘፊያም የላትም ነበር። በሬ፣ አህያ፣ ጅብ፣ ርግብና ፍየል ተጠጋግተው ቆመውባታል። አዳም መሃላቸው ነው፤ ከፍየሏ አይረዝምም። ፍየሏ አገጯን ትከሻው ላይ አሳርፋለች፣ እሱም የበሬውን ቀንድ ይዟል፣ ሊጎትተው ሳይሆን እንዳይወድቅ። ቆንጆ መሆኗ ገብቶኝ ነበር። ይህን ባልናገር ውሸታም እሆናለሁ።

የዝግጅቱ ቀን እናቴ ነጭ የሰንበት ቀሚሷን ለብሳ፣ መርከቧን በነጠላ ጠቅልላ፣ ወደ መሃል ከተማ አዳራሽ በአውቶቡስ ሄድን። የሌሎቹ ቤተሰቦች ሥራ ግድግዳውን ሞልቶታል። በአንዱ ሥዕል ሰው ኮረብታ ላይ ቆሞ ዛፉንና ወንዙን ቁልቁል ያያል፤ በሌላው ውኃ ያጠጣል፣ አበቦቹ አንገታቸውን ደፍተው የሚያመሰግኑት ይመስላሉ። ሰውየው በሁሉም ላይ ትልቅ ነበር። እናቴ ነጠላውን ገልጣ፣ ትንሹን ሰው በጣቷ እያሳየች «አዳም» ስትል ሊዮር ጮክ ብሎ ሳቀ።

«ቴቫ ማለት እኮ ዛፍና ወፍ ነው! መርከብ መሰላቸው! ኖኅስ የት ሄደ? አውቶቡስ አመለጠው?»

ልጆቹም፣ አንዳንድ ወላጆችም ሳቁ። መምህርቷ ሩት ሊዮርን ገሥጻ ወደ እኔ ጎንበስ አለችና «አሸር፣ እናትህን ጠይቅልኝ፤ አዳምን ለምን እዚህ አስገባችው?» አለችኝ። ከልቧ ነበር የጠየቀችው። እኔም ጠየቅኋት። እናቴ ቀና ብላ፣ ንጹሕ የነበረውን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ በአገሯ ሳለች እንኳ በሰው ፊት ተናግራ የማታውቀውን ያህል ረጅም ነገር ተናገረች። «አዳምን ለብቻው ብሠራው ኖሮ…» ብላ ነው የጀመረችው። የቀረውን አልሰማሁትም። እሷ ስትናገር እኔ የራሴን መልስ እያዘጋጀሁ ነበር።

«ተሳስታለች» አልኩ ለመምህርቷ። «ስሊሓ ትላለች።» ይቅርታ ማለት ነው።

«ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» አለች ሩት፣ የእናቴን ትከሻ እንደ ሕመምተኛ እያሻሸች። ከዚያ መርከቧን ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ከጭማቂ ብርጭቆዎቹ አጠገብ አስቀመጡልን።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እናቴ መርከቧን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነጠላውን እንደገና ጠቀለለችባት። ከዚያ «ስሊሓ ያልኸው ለማን ነው?» አለችኝ። ያን ቃል ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ ወለል ስትወለውል የሰው ወንበር ባስነሳች ቁጥር የምትለው እሱን ነው።

«ላንቺ ብዬ ነው» አልኩ።

«ለኔ አይደለም። በኔ ስም ነው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ፀደይ መጥቶ የአቧራው ነፋስ ሲነሳ፣ ደረጃው ሥር የቀረው የባልዲ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። በበጋ እናቴ ከፎቁ በታች ካለችው ዛፍ ሥር ደፋችው፣ ባልዲውንም ለወለል መወልወያ አደረገችው። መርከቧ ወደ ሰገነት ወጥታ የልብስ መቆንጠጫ ማስቀመጫ ሆነች። ማንም አልተቆጣኝም። ልጅ ሲያጠፋ ዝም የሚባለው ይቅር ስለተባለ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ የሚናገረው ሰው ቃሉን ማንን አምኖ እንደሚሰጥ ስለማያውቅ ነው።

ከውትድርና በኋላ የአማርኛ ፊደል በራሴ ተማርኩ። በአሮጌ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ተፈጥሮ» የሚለውን ቃል ሳገኝ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ቃሉ የሚናገረው ስለ መፈጠር ነው፤ ሰውም ከተፈጠሩት አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ባነበብኳቸው ብዙ ልብ ወለዶች ዝናብ የሚዘንበው ሰው ሲያዝን ነው፣ ፀሐይ የምትወጣውም ሰው ሲታረቅ። ባየኋቸው ብዙ ሥዕሎች ምድር ለሰው የተነጠፈች ምንጣፍ ናት። ያንን ቃል ሳልተረጉምላት በትክክል የተረጎመችው እናቴ ነበረች።

ዛሬ እኔም አባት ነኝ፣ ጥብቅ አባት። ልጄ ታማር ለአያቷ በዕብራይስጥ ስትመልስ እቆጣታለሁ፣ ቁጣው ግን ከእሷ ይልቅ ለራሴ ነው። ባለፈው ክረምት እሷም ስለ ሰውና ተፈጥሮ የሚል ወረቀት ይዛ መጣች። እናቴ ቤት ወሰድኳትና፣ እናቴን ሰገነቱ ላይ ልብስ ስታሰጣ ጠየቅኋት።

«እማ፣ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ምን ብለሽ ነበር? አዳምን ለብቻው ብሠራው ኖሮ፣ ከዚያስ?»

ቁርጥማት በያዘው እጇ መቆንጠጫ እያነሳች «አሁን ገና ልታዳምጠኝ ነው?» ብላ ሳቀች። አንድ ሸሚዝ ገመዱ ላይ ቆነጠጠች። «ረሳሁት፣ ልጄ። እውነቴን ነው።»

ታማር መቆንጠጫዎቹን በእጇ ገለል አድርጋ መርከቧ ውስጥ ተመለከተች። አዳም አሁንም የበሬውን ቀንድ እንደያዘ ነው። «አባ» አለችኝ በአማርኛ፣ «ፍየሏ በጆሮው ምን እያለችው ነው?»

በልጅነቴ የሚነግረኝ ሰው አጠገቤ ቆሞ አልሰማሁም፤ ዛሬ ለመስማት ስቀርብ ነጋሪዋ ረስታለች። ያ ቀን ያስከፈለን ሁሉ ሲደመር ይህ ነው፤ እናቴን ሸክላዋን፣ እኛን ሁላችንን ደግሞ «አዳምን ለብቻው ብሠራው ኖሮ» ብሎ የሚጀምር፣ መጨረሻው የማይገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር።