የማትጠጣዋ ደንበኛ

አንዲት ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት በጉሌት ከተማ ወደብ ዳር ወዳለው ምግብ ቤት ትመጣለች። ነጭ ሻሽዋን አገጯ ሥር አጥብቃ አስራ፣ በካልሲ ነጠላ ጫማ ተጫምታ፣ ለባሕሩ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። የዓሣ ኩስኩስና አንድ ብርጭቆ ፈዛዛ ሮዝ ወይን ታዛለች። ወይኑን ግን አትቀምሰውም። ከሳህኑ አጠገብ አስቀምጣው ትበላለች፤ ስትጨርስ እንደ ሞላ ትታው ትሄዳለች።

አስተናጋጁ ሙንጂ ስሟን እንኳ አያውቅም። ወጥ ሠሪዋ ዞህራ «የማትጠጣዋ ሰካራምህ መጣች» እያለች ትቀልድበታለች።

ዛሬ ባሕሩ ስለተናወጠ ዓሣ አልነበረም። ሙንጂ የበግ ኩስኩስ አቀረበላትና፣ ሙያው እንደሚያዘው ቀይ ወይን አስከተለ። ሴትየዋ ብርጭቆውን አሸተተችና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ለበግ እኮ ቀዩ ነው የሚስማማው፣ ሐጃ።»

«የምበላው እኔ ነኝ፤ በጉማ ምን ገዶት! ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ወይን መጭመቂያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። እሱም አይጠጣም ነበር፤ ሸሚዙ ግን ያንን ፈዛዛውን ይሸት ነበር። ያ ሽታ ከሌለ እህል አይወርድልኝም።»

ሙንጂ ቀዩን አንስቶ ፈጥኖ በፈዛዛው ለወጠላት። የሚያቃጥለው የበርበሬ ድልህ፣ ሐሪሳው፣ ግንባሯን እያላባት ሳህኑን ጠርጋ በላች። «ወጥ ሠሪዋን እጅሽ ይባረክ በላት» ብላው ወጣች።

ከጎን ባለው ጠረጴዛ ሲበላ የነበረ አንድ እንግዳ ሙንጂን «ከበግ ጋር የቱ ወይን ይሻላል?» ሲል ጠየቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳያስብ «ቀዩ» ሲል የኖረው ሙንጂ ከቀዩም ከፈዛዛውም ቀድቶ አመጣለትና፣ «መጀመሪያ ያሽትቷቸው» አለው።