አባቴ የሰማው ትግል

ነቀምቴ፣ የትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ነን። የወረዳው ገዥ ዳስ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ መምህራችን ድምፅ ማጉያ ይዞ አጠገባቸው ቆሟል፤ ዓይነ ስውሩ አባቴና እኔ አጥሩ ሥር ነን፤ ወንድሜና የገዥው ልጅ መካከል ላይ ተያይዘዋል። ትግል የሚያወራ ሰው ለማያይ ሰው ዓይን መሆን አለበት። መምህሩም እስከዚያ ቀን ድረስ ለአባቴ እንደዚያ ነበር።

ወንድሜ ልጁን በጀርባው ዘረረው። መምህሩ ገዥውን ገልመጥ አደረገና፣ «የጌታችን ልጅ ተጋጣሚውን እንደ ጆንያ ጣለው!» ብሎ ጮኸ። ዳሱ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ወንድምሽ ወደቀ?» አለኝ አባቴ።

«የለም አባ፣ እሱ ነው የጣለው!»

«በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መምህር ይዋሻል? ለወንድምሽ ብለሽ ነው።»

ወንድሜ እያለከለከ መጣ። «አባ፣ ጀርባዬን ዳብሰው፤ አፈር አልነካውም።»

አባቴ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

ያየሁትን ካላመነኝ ዓይን ልሆነው አልችልም ብዬ፣ አባቴንና ወንድሜን እዚያው ትቼ ሄድኩ።