ፍል ውኃው ዳር የተጠየቅነው

በዚያ ቀን አባቴ ካሣ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ እንድሪስ ነበር፤ እኅታቸው ፋጤ ነበረች፤ የእንድሪስ ልጅ ሰይድ ነበር፤ የውኃው ጠባቂ አያ ይማም ነበሩ፤ እኔም ነበርሁ። ይህን ዝርዝር ባለፈው ሰኞ የሰጠሁት ለሰይድ ሴት ልጅ ነው። ከመርሳ ደውላ ሰላምታውን በወጉ ካደረሰች በኋላ፣ «ጋሼ፣ አባዬ ነው ጠይቂልኝ ያለኝ። ፍል ውኃ የወረዳችሁ ጊዜ ማን ማን ነበር?» አለችኝ። ነገርኋት። ከዚያ የጠየቀችበትን ምክንያት ነገረችኝ። እሱን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ስለ ቤተሰቤ በጽሑፍ ያኖርሁት ነገር የለም። ሙያዬ የሌሎችን ታሪክ ማመሳከር ነበርና የራሴን ለማቆየት ሰበብ አጥቼ አላውቅም።

አባቴ፣ እንድሪስና ፋጤ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። አያቴ መጀመሪያ ያገባችው ቆላ ሐብሩ ውስጥ አንድ እስላም ገበሬ ነበር፤ እንድሪስንና ፋጤን ወለደችለት። እሱ ሲሞት ከወልድያ በላይ ያለ ክርስቲያን አገባችና አባቴን ወለደች። ለወሎ ሰው ይህ ማብራሪያ የሚያሻው አይደለም፤ ለሌላው አንባቢ ግን መናገር ይገባል። ይህም ባሏ በሞተ ጊዜ ወደ እንድሪስ ቤት ተመለሰች፤ እዚያው አንድ ክረምት አረፈች። እንድሪስ አባቴ ሳይደርስ በእስላም መቃብር ቀበራት። ከዚያ ወዲህ አባቴ ወንድሙን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ሰውየው» ይለው ነበር። ዘመዱ ሁሉ ነገሩን የሃይማኖት ቅሬታ አድርጎ ተረዳው፤ ስለዚህም ማንም አልነካውም።

ዓመታት አለፉ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ለየካቲት ዕረፍት ስመለስ አባቴ ጉልበቱ ተሳስሮ አገኘሁት። ከደጃፉ እስከ በረቱ ለመድረስ ግድግዳ ይይዛል። የሚያርስለት ሰው ቀጥሯል፤ በሬዎቹ ለሰው እጅ መለመዳቸውንም እያየ ዝም ይላል። አክስቴ ፋጤ ወልድያ ገበያ መጥታ አየችውና አንድ ነገር ወሰነች። ለአባቴ፣ «ከመርሳ በታች ያለው ፍል ውኃ ያድንሃል፤ በቅሎ አገኛለሁ» አለችው። የበቅሎውን ባለቤት ግን አልነገረችውም።

ከአባቴና ከፋጤ ጋር የተሳፈርሁበት አውቶቡስ ከወልድያ ወደ ሲሪንቃ ሲወርድ አየሩ እየሞቀ ሄደ። የማሽላው አገዳ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። መርሳ ስንደርስ የፓፓያ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። አንድ የበሰለ ገዝተን እጃችን ላይ እየፈሰሰ በላን። አባቴ የመጨረሻዋን ቁራጭ አፉ ውስጥ እንደያዘ ከመንገዱ ማዶ በቅሎ ይዞ የቆመውን ሰው አየ። እንድሪስ ነበር፤ ከጎኑ በእኔ ዕድሜ ያለው ልጁ ሰይድ።

«በቅሎው የማን ነው?» አለ አባቴ።

«በቅሎ ነው» አለች ፋጤ። «ስሙን ጠይቀኸው ነው የምትወጣው? ውጣ እንጂ!»

ወጣ። ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ቆላውን ስንወርድ ሁለቱ ወንድማማቾች የተነጋገሩት በበቅሎው በኩል ነው።

«ይህ በቅሎ ቁልቁለት ላይ ቀስ ቢል ምን አለበት» ይላል አባቴ፣ የበቅሎውን ጆሮ እያየ።

«ቀስ በል አንተ» ይላል እንድሪስ፣ ልጓሙን እንደያዘ። «የተሸከምኸው ሰው ኩርፊያው ከአካሉ ይከብዳል።»

ሰይድ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ኋላ ቀረ። እኔም አብሬው ቀረሁ። አገዳ ሰብሮ ግማሹን ሰጠኝና፣ «አባትህ ጥርስ የለውም እንጂ በቅሎውን ይነክሰው ነበር» አለኝ። በዚያ መንገድ ላይ እንደተዋደድን አስባለሁ።

ያደርነው ከውኃው አጠገብ ባለ ዳስ ነው። ሥጋ ስለማንጋራ ፋጤ የያዘችው በሶና የሽምብራ ቆሎ ነበር። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ተነሣን። እንፋሎቱ ከድንጋዩ መካከል ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሽታው የድኝ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ጭቃው ዝጎ የቀላ ብረት ይመስላል። ቀድመውን የመጡት ወንዶች ሽርጥ አገልድመው እስከ ደረታቸው ገብተዋል። ሴቶቹ ከቋጥኙ ማዶ በራሳቸው ጕድጓድ ናቸው፤ ድምፃቸው ይሰማል እንጂ አይታዩም።

አያ ይማም ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። የሚገባውን ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ በሽታውን አይደለም።

«የተኳረፋችሁት ሰው አለ? ካለ አፉ ተባብላችሁ ግቡ» አሉ። አፉ መባባል በአገራችን ይቅር መባባል ነው። ቂም የያዘ ሰው ከገባ የውኃው ኃይል ይነሣል፣ ማንንም አያድንም ተብሎ ይታመናል።

«የለም» አለ አባቴ።

ከውኃው ውስጥ፣ ግራና ከሚባል አገር የመጣ አንድ ሰው ቀና አለ። «ኧረ አንቱ! እናንተ የእንድሪስና የካሣ ቤት አይደላችሁም? ኩርፊያችሁን ግራና ድረስ እናውቀዋለን!» ይህን ብሎ ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከትለውት ወጡ። ውኃው ባዶ ቀረ። ሕመምተኛው ሁሉ እርጥብ ሽርጡን ይዞ በጠዋቱ ብርድ ድንጋይ ላይ ተደርድሮ አባቴን ተመለከተው።

«እኛ የመጣነው ለመዳን ነው፣ ለሽምግልና አይደለም!» አለ አንዱ እየተንቀጠቀጠ።

«መዳኛውስ ሌላ ምን መሰለህ?» አሉ አያ ይማም።

ከቋጥኙ ማዶ የፋጤ ድምፅ መጣ። «ካሣ! ሰው በብርድ ልትፈጅ ነው?»

እንድሪስ ቀደመ። «ካሣ፣ አፉ በለኝ» አለ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ድምፁ ከወትሮው ቀጥኖ፣ «ለምን አልጠበቅኸኝም?» አለ። «የትም ቅበራት፤ አፈሩ የእግዜር ነው። ፊቷን ሳላየው ለምን?»

ያን ጊዜ የሃይማኖት ቅሬታ ነው የተባለው ነገር ያ እንዳልነበረ ገባኝ። ከእኔ ጋር ለብዙዎች የገባ ይመስለኛል።

«ጠብቄሃለሁ» አለ እንድሪስ። «በእኛ ሬሳ አያድርም፤ እኔ ግን እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ አቆየኋት። በመካከላችን ያለው ወንዝ ሞልቶ ነበር። ሰይድን መሻገሪያው ላይ አቆምሁት።»

አባቴ ወደ ሰይድ ዞረ። «የትኛው መሻገሪያ?»

«የታችኛው ነዋ፣ አጎቴ» አለ ሰይድ። «እስኪጨልም ቆሜ ነበር። ማዶ ሰው አላየሁም።»

 «እኔ በላይኛው ነበርሁ» አለ አባቴ። «በላይኛው ውኃው ቶሎ ይጎድላል ብዬ። እስኪጨልም እዚያ ተቀመጥሁ።»

 የውኃው መንተክተክ ብቻ ይሰማል። ከዚያ አባቴ እጁን ዘረጋ። «አያ እንድሪስ» አለ፤ በዚያ ስም ሲጠራው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ «አፉ ብያለሁ፤ አንተም አፉ በለኝ። አውርደኝ። ቦታዋንም ታሳየኛለህ።»

«አፉ! ይኸው፣ ግቡ!» አሉ አያ ይማም። የግራናው ሰው ከሁሉ ቀድሞ ዘለለ። እንድሪስ ወንድሙን በብብቱ ይዞ አወረደው፤ ውኃው እስከ አንገታቸው ደረሰ፤ በዚያ እንፋሎት ውስጥ የትኛው እንደሚያለቅስ ለይቼ ማየት አልቻልሁም። ልለይም አልሞከርሁም።

የአባቴ ጉልበት እንደ ቀድሞው አልሆነም። በሚያዝያ ግን ምርኩዝ ይዞ፣ እንድሪስ እየመራው፣ እስከ እናቱ መቃብር ሄደ። በውኃው ውስጥ ምን ዓይነት ማዕድን እንዳለ አጣርቼ አላውቅም፤ ማጣራት ሥራዬ ሆኖ ሳለ ያን ብቻ ሳልነካው ተውሁት።

አሁን ወደ ስልኩ እመለሳለሁ። ሰይድም ጉልበቱን ታሟል። ወደ ፍል ውኃው ሊወርድ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ብቻዬን አልገባም ይላል። «‹ከአንድ ሰው ጋር አፉ ሳልባባል እንዴት እገባለሁ?› ይላል» አለችኝ ልጅቱ፤ ሰውየው ማን እንደሆነ የሚጠፋት አልመሰለኝም። ሰይድና እኔ ከተነጋገርን ብዙ ዓመት ሆኖናል። ጠብ የለንም። እሱ እኔ እደውላለሁ ብሎ ጠበቀ፤ እኔም እሱ ይደውላል ብዬ ጠበቅሁ። ዳሱ በቆርቆሮ እንደተተካ፣ ጥያቄውን የሚጠይቅ ጠባቂም እንደሌለ ሰምቻለሁ። ሰይድ ግን ሥርዓቱ ሥርዓት ነው ብሏል።

ቅዳሜ ወደ መርሳ እወርዳለሁ። ሰይድ የት ቦታ ቆሞ እንደሚጠብቀኝ ልጅቱን ደጋግሜ ጠየቅኋት፤ በመጨረሻ ሳቀችብኝ። አልተቀየምሁም። ከስድስታችን የቀረነው ሁለት ነን።