ከጋዋኑ ሰልፍ የወጣች ልጅ

ሰብለ ወንጌል ጎመን ስትቀነጥስ ስልኳ ጮኸ። እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና መልእክቱን አየት አድርጋ ለባሏ አቀበለቻቸው። «ያንብቡትማ የኔታ፤ ዛሬም ልከዋል» አለች። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እሷም ባሏን የኔታ ነው የምትላቸው።

መሪጌታ ገብረ ኪዳን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። መልእክቱ የመጣው ዜማ የተባለችው ልጃቸው የምትማርበት ክፍል ወላጆች ካሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍልን ለሚጨርሱ ተማሪዎች የምረቃ በዓል ይደረጋል። ጋዋን፣ ስም የታተመበት ቲሸርት፣ መጽሔትና በፍሬም የገባ ትልቅ ፎቶ «ለማስታወሻ» ተዘጋጅቷል። ክፍያው ከመሪጌታ የወር ደመወዝ ይበልጣል። ከሥሩ ደግሞ «ማንም ልጅ ከጓደኞቹ እንዳያንስ፣ ያልከፈላችሁ ወላጆች እስከ ዓርብ ድረስ አጠናቅቁ» ይላል።

ከዚያ በታች የወላጆች መልስ ተከታትሏል። አንዱ የባንክ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ለጥፏል፤ ሌላዋም እንዲሁ። «ለልጆቻችን ይህም ያንሳቸዋል!» ያለም አለ። ተወደደብኝ ያለ ሰው ግን የለም። መሪጌታ ወደ ላይ ወደ ታች እያደረጉ ቢፈልጉ አንድም አጡ።

«ዜማ አይታዋለች?» አሉ።

«ማታ ማታ ስልኩን እሷ አይደለች የምትይዘው፤ ሳታየው አትቀርም። ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።»

ያስጨነቃቸውም ይኸው ነበር። ዜማ ደብተር ሲያልቅባትም ሆነ ጫማዋ ሲቀደድ ሳትፈራ የምትናገር ልጅ ናት። ሰሞኑን ግን ከትምህርት ቤት መጥታ እራቷን ትበላና ለክልሉ ፈተና አጠናለሁ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

መሪጌታ የተወለዱት ከመራዊ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ገና በልጅነታቸው አኮፋዳ አንግተው ከቤት ወጡ፤ ቅኔ ተቀኙ፤ ድጓ ወደሚመሰከርባት ቤተልሔም ሄደው አስመሰከሩ። በእነዚያ ዓመታት በየሰው ደጅ ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ለምነዋል፤ ውሻ ነክሷቸዋል፤ ባዶ አኮፋዳ ይዘው ተመልሰዋል። አፍረው ግን አያውቁም። ለቆሎ ተማሪ መለመን ወጉ ነው፤ የሚሰጠውም ሰው ያውቀዋል። አሁን ሰባታሚት ላይ ሁለት ክፍል ቤት ሠርተው፣ ከሐይቁ ዳር ባለ ደብር ማሕሌት እየቆሙ፣ ጉባኤ ዘርግተው ልጆች ያስተምራሉ። ሰብለ ወንጌል የጓሮዋን ጎመንና ቃሪያ ለገበያ ታወጣለች። ጠግበው ባያድሩም ተርበው አላደሩም።

ዜማን የግል ትምህርት ቤት ያስገባቻት የትምህርት ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ባንቺአየሁ ናት። አባቷ ባረፉ ጊዜ መሪጌታ ቆመው ፍትሐት ያደረሱበትን ቀን ሳትረሳ፣ «የየኔታ ልጅ በግማሽ ክፍያ ትማር» አለች። ያን ጊዜ እግዜር ይስጥልን ብለው የተቀበሉት ውለታ ነው አሁን አፋቸውን የያዛቸው። ልጁን በግማሽ ክፍያ የሚያስተምር ሰው በምን አፉ ተወደደ ይላል?

«ከአንድ ሰው እንበደር ይሆን?» አለች ሰብለ ወንጌል።

«ለፎቶ ተበድረን በምን እንከፍላለን? እስቲ ነገ መምህሯን አነጋግራለሁ።»

በማግስቱ ከቅዳሴ ሲወጡ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። መንገዱን ሁሉ የሚናገሩትን ሲያሰናዱ ነበር። «ልጄ፣ አቅማችን አልፈቀደም» ልበል? ወይስ «ቀን ስጡኝ»? ቀን ቢሰጧቸውስ ከየት ሊያመጡ?

የክፍል ኃላፊው መምህር አዘዘ ገና ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሣ። ወጣት ነው፤ ትከሻቸውን ተሳልሞ አስቀመጣቸው።

«የኔታ፣ እንኳን መጡ። ለዜማ አዝኜ ነበር እኮ።»

«ምን ሆነች?» አሉ።

«ምረቃው ላይ አለመገኘቷ ነዋ! መራዊ የአክስቴ ልጅ ሠርግ አለብን ብላኛለች። ስለዚህ ጋዋን አልተለካችም።»

መራዊ ውስጥ ሠርግ የለም። ዘንድሮ የሚያገባ ዘመድም የላቸውም። ልጅቷ አባቷን ከዚህ ወንበር ልታድን ውሸት ፈጥራ ኖሯል። መምህሩ መልስ ይጠብቃል። ሐሰት ነው ቢሉ ልጃቸውን ማዋረድ ነው፤ ዝም ቢሉም ያው ነው። አንደበታቸው ቀደማቸው።

«አዎ» አሉ፤ «ሠርግ አለ።»

«ታዲያ ለመጽሔቱና ለቲሸርቱ ብቻ ቢከፍሉ ይሻላል። እኛንም እኮ ከላይ ያሉት ከየክፍላችሁ ስንት ሰው ከፈለ እያሉ ያጨናንቁናል» አለ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እንዴት ተሰናብተው እንደወጡ አያውቁትም። ባጃጅ መሳፈር አላሰኛቸውም፤ በሐይቁ ዳር በእግራቸው ሄዱ። የክረምቱ ጎርፍ ገብቶበት የጣና ውሃ ደፍርሷል፤ ነፋሱ ደንገሉን ወዲያና ወዲህ ያላጋዋል። በዚህ ዕድሜያቸው፣ ጥምጥም ጠምጥመው፣ በልጃቸው ዕድሜ ላለ ሰው ዋሹ። ያውም ለምን? ለአንድ ቀን ልብስ! ከሁሉ የከነከናቸው ግን ሌላ ነበር፤ ልጅቷ ይህን ውሸት ስንት ቀን ብቻዋን ተሸክማ ኖራለች?

ዜማ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ከጓሮው ጥግ አስቀመጧት። ሰብለ ወንጌል ጎመኑን ውሃ እያጠጣች ትሰማለች።

«መምህርሽ ዘንድ ሄጄ ነበር» አሉ መሪጌታ።

ዜማ አንገቷን ደፋች።

«ስለ ሠርጉ ነገረኝ።»

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ቆይ፣ አታልቅሺ። እኔም ዋሽቻለሁ። አዎ ሠርግ አለ አልሁት።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። የሰማችውን ያመነች አትመስልም።

«እርስዎ?»

«እኔ። እንግዲህ ሁለታችንም ነን። አሁን አንቺ እውነቱን ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። ጋዋን የሚለካው ሰውዬ ወደ ክፍላቸው መጥቶ ሁሉም ተሰለፉ። ከዚያ ክፍያ የሚቀበለው ሰው ስም እየጠራ ያልከፈሉትን ከሰልፍ አስወጣቸው። ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆመው ሌሎቹ እስኪለኩ ጠበቁ። አንዷ ልጅ ገንዘቡን ቤት ረሳሁት አለች፤ አንዱ ነገ ያመጡልኛል አለ። እሷ ደግሞ ሠርግ አለብን አለች።

«እትዬ ባንቺአየሁ ዘንድ ሄደው እንዳይለምኑልኝ ብዬ ነው» አለች። «ሁልጊዜ ሲያገኙኝ፣ አባትሽ ደህና ናቸው? በርቺ፣ እኛ አለንልሽ ይሉኛል። ልጆቹ ይሰማሉ።»

ሰብለ ወንጌል ባልዲውን አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች። ስታለቅስ እንዲያዩዋት አትወድም።

በሚቀጥለው ቀን መሪጌታ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ቢሮ ተቀምጠው ነበር። ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ነው የሚያስፈራቸው። ሻይ አስመጣችላቸው፤ ብርጭቆውን ሳይነኩት ተዉት።

«ሠርግ የለም» ብለው ጀመሩ። «ልጄ በምረቃው ቀን ሠርግ አለብን ያለችው አፍራ ነው። እኔም ለመምህሩ አዎ ያልሁት አፍሬ ነው። የሌለን ገንዘቡ ነው።»

«አይ የኔታ! ምን ሆነው ነው ይህን ያህል የሚጨነቁት? የዜማን እኔ እችላለሁ። አሁኑኑ ትለካ።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተላቸው። እሺ ብለው መርቀው መውጣት ይችሉ ነበር፤ ሊሉም ከንፈራቸው ተላቅቆ ነበር። ግን ዜማ ያለችው ትዝ አላቸው።

«ከሰሌዳው አጠገብ የቆሙት ግን እሷ ብቻ አይደለችም» አሉ። «የሌሎቹንስ ማን ይችላል?»

«የኔታ፣ እኔ እኮ አላስገደድሁም። የወላጅ ኮሚቴው ነው የወሰነው።»

«አንቺ ኮሚቴው ነው አልሽ። መምህሩ ከላይ ነው ይላል። ልጆቹን ከሰልፍ ያስወጣቸው ግን ሰው ነው፤ ልጄ። በዩኒፎርማቸው ይመረቁ። ይህን ብቻ ንገሪልን።»

የወይዘሮ ባንቺአየሁ ፊት ቀላ። እስክሪብቶዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። «አስብበታለሁ» አለች ቀዝቀዝ ብላ፤ ወትሮ እንደምታደርገው እስከ በሩ አልሸኘቻቸውም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የዓመት ያህል ረዘሙባቸው። ማሕሌት ቆመው ዜማው ይስታቸዋል፤ ተማሪዎቻቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ውለታ የማያውቅ ሰው ተባልሁ ይሆን? ሰብለ ወንጌል ደግሞ ገበያ ሄዳ ያልከፈለ ሰው የልጁን ሰርተፍኬት አይሰጡትም የሚል ወሬ ይዛ መጣች። ሰርተፍኬት ከሌለ ዘጠነኛ ክፍል ማን ይቀበላታል? በየሰዓቱ ስልኩን ይጠይቃሉ። ግሩፑ ውስጥ ግን የሚለጠፈው ደረሰኝ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ሐሙስ ማታ ከጸሎት በፊት መልእክት መጣ። ጋዋን መልበስ በፈቃደኝነት መሆኑን፣ በዩኒፎርም መመረቅ እንደሚቻል፣ ሰርተፍኬትም ከክፍያው ጋር እንደማይያያዝ ይገልጻል። ወዲያው አንዲት እናት «ታዲያ ፎቶው አያምርም እኮ!» ብላ ጻፈች። ጥቂት ሰዎች የአመሰግናለሁ ምልክት አደረጉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰው መሪጌታን ከደጀ ሰላሙ ጠበቃቸው። ወልደ ጻድቅ ይባላል፤ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ ልጁ ከዜማ ጋር የሚማር ሰው ነው።

«እርስዎ ነዎት አሉ የተናገሩት» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ምነው ሳምንት ቀደም ቢሉ ኖሮ የኔታ! እኔ ተበድሬ ከፈልሁ። የሚመልሱልኝ መስሎዎታል?»

መልሳቸውን ሳይጠብቅ ትከሻቸውን ተሳልሞ ሄደ።

በምረቃው ቀን ጠዋት ዜማ አልሄድም ብላ ነበር። እናቷ ዩኒፎርሟን ተኩሳ ሰቀለችላት፤ ማንም ሳያስገድዳት ተነሥታ ለበሰችው። አዳራሹ ከሐይቁ ዳር ነው፤ ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። ጋዋን የለበሱት ከፊት ተቀምጠዋል። ዩኒፎርም የለበሱት ከኋላ፣ ከግድግዳው አጠገብ ናቸው፤ መሪጌታ ከጠበቁት ይበዛሉ። ፎቶ አንሺው «ጋዋን ያላችሁ ብቻ ኑ!» ሲል ዜማ ጫማዋን ማየት ጀመረች። በኋላ ሁላችሁም ተብሎ ሲጠራ ግማሾቹ ወላጆቻቸውን ፍለጋ ተበትነው ነበር። ቢሆንም ዜማ ወጣች፤ ከዳር ቆመች።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ድንገት በማይክሮፎን፣ «የኔታ ልጆቹን ይመርቁልን» አለች። ያኮረፈች መስሏቸው ነበር፤ አኩርፋም ሊሆን ይችላል፤ ፊቷ አይለይም። መሪጌታ ተነሡ። ለዓመታት ሲመርቁ እንዲህ ቃል አጥሯቸው አያውቅም። «እደጉ» አሉ፤ «ከፈተናው ያውጣችሁ። ማንም ከሰልፍ አያስወጣችሁ።» አሜኑ ከኋላ በኩል በረታ።

ሲመለሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ዜማ በጭቃው ውስጥ እየመረጠች ስትራመድ ቆየችና፣ «አባ፣ ጋዋኑን ግን መልበስ ፈልጌ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ደስ ይላል እኮ። ሰማያዊ ነው።»

«አይቼዋለሁ። ያምራል።»

ጥቂት ሄዱ። «አሥራ ሁለተኛን ስጨርስስ እንዲህ ያለ ምረቃ አለ?» ብላ ጠየቀች።

እስከዚያ አራት ዓመት አለ፤ ነገር ግን መሪጌታ ካሁኑ ወጪውን ማስላት ጀመሩ። የሰባታሚት ባጃጅ መጣ፤ እሷን አስቀድመው አሳፈሯትና እሳቸው ከአጠገቧ ገቡ።