ቀዩ ሲወርድ ዝጋ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ጠባቂ ሆኜ ስሠራ ነው። የማልረሳው ስለፈራሁ ብቻ አይደለም። ስለተናደድኩ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ከሃያ አምስት ዓመቴ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈውን ሁሉ መሞከር ይወዳል። እኔም አንድ የእርሻ መጽሐፍ አንብቤ በጓሮዬ ከእንጨትና ከላስቲክ አልጋ የምታክል የችግኝ ቤት ሠራሁ። ስድሳ የፓፓያ ችግኝ አፈላሁባት። ላስቲኩ እርጥበት ይይዛል፤ በእኛ በቆላው ቀትር ግን ክዳኑ ካልተከፈተ ችግኙን ይቀቅለዋል። ቀን ቀን ደግሞ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ስለዚህ በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ መሆን ነበረበት።

ጥቁር የቀባሁትን የዘይት ቆርቆሮ አፉን ደፍኜ፣ በቀጭን የጎማ ቱቦ ከብስክሌት ካላማዳሪያ ጋር አገናኘሁት። ቆርቆሮው ሲግል አየሩ ካላማዳሪያውን ይነፋዋል፤ እሱም ክዳኑን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሲቀዘቅዝ ይሟሽሻል፣ ክዳኑም ይመለሳል። ልኩን እስካገኝ ሁለት ወር ፈጀብኝ። እንዲሠራ የምፈልገውን አስቀድሜ ለሰው እንደሚጻፍ በደብተሬ ጽፌ ነበር፦ «ቀዩ ሠላሳ አምስት ሲደርስ ክፈት። ቀዩ ሲወርድ ዝጋ።» ቀዩ ማለት በቴርሞሜትሩ ውስጥ ያለው ቀይ ፈሳሽ ነው።

ጎረቤቴ እትዬ ሐዋ፣ «ወላሂ፣ ሰው ቤት አጥቶ እያደረ አንቺ ለፓፓያ ቤት ሠራሽ!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ክዳኑ ብቻውን ሲነሳ ያየ ሌላ ሰው ግን አልሳቀም፤ ሄዶ ለቀበሌ ተናገረ።

አንድ ጠዋት ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጓሮዬን በረበሩ። ደብተሬንና ቴርሞሜትሩን ወሰዱ። ክዳኑን «እንዳይፈነዳ» ብለው በገመድ ጠፍረው አሰሩት። አንዱ እዚያው ቆመ፣ ሌላው እኔን ወደ ቀበሌ ነዳኝ።

ሊቀመንበሩ በዕድሜ ታናሼ ነው። ደብተሬን ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«ቀዩ ሲወርድ?» አለ። «የሚወርደው ቀይ ማነው? አብዮቱ ነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የቴርሞሜትሩ ፈሳሽ ነው።»

«ሠላሳ አምስት ሲደርስ ክፈትስ? ሠላሳ አምስት ሰው ሲሞላ ምኑን ነው የሚከፍተው? ተኩስ?»

«ክዳን ነው።»

«ክፈት የተባለው ሰው ስሙ ማነው?»

«ሰው አይደለም። ካላማዳሪያ ነው።»

ጥበቃው ሳቁ አመለጠው። ሊቀመንበሩ ግን ጠረጴዛውን መታ። «ጎማ ከመቼ ወዲህ ነው አማርኛ የሚያነበው? ታላግጪብኛለሽ?»

በመስኮቱ ፀሐይዋን አያለሁ። አራት ሰዓት አለፈ፤ አምስት ሆነ።

«ገመዱን ብቻ ያስፈቱልኝ፤ እኔን እዚሁ ያቆዩኝ» አልኩት።

«አንገትሽን ትተሽ ለቅጠል ትለምኛለሽ?»

ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ቴርሞሜትሩን በገዛ እጁ ከጎኑ ባለው የማሰሮ ውሃ ውስጥ እንዲነክረው ለመንኩት። እያሾፈ ነከረው። ቀዩ ቁልቁል ወረደ። ሊቀመንበሩ አፍጥጦ አየው።

«ታዲያ ጓድ፣ አሁን ቀዩን ያወረደው ማነው?» አልኩት። አመለጠኝ።

ጥበቃው ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ሊቀመንበሩ ቴርሞሜትሩን እንዳቃጠለው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ከዚያ እስክሪብቶ አንስቶ በደብተሬ ላይ «ቀዩ» የሚለውን ሁለቱንም ቦታ ሰረዘና «ውሃው» ብሎ ጻፈበት፤ ደብተሩንም ወረወረልኝ።

«እንዲህ ተብሎ ነው የሚጻፈው። አሁን ከፊቴ ጥፊ!»

እየሮጥኩ ደረስኩ። መለቀቄን ስነግረው እዚያ የቆመው ጥበቃ መንገድ ለቀቀልኝ። ገመዱን በቢላ ስቆርጠው ክዳኑ ሳልነካው ብድግ አለ። አየሩ ከጠዋት ጀምሮ ሊከፍተው ሲታገል ነው የዋለው። ከሥሩ ስድሳው ችግኝ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝቷል።

እትዬ ሐዋ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ያን ቀን አልሳቁም። «ገመዱን ልፈታው ስል ጠመንጃ አዞረብኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሊቀመንበሩ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር፣ «ውሃውስ እንዴት ነው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ጊዜው ነው፣ ይቅር በይው የሚሉኝ አሉ። ስላስፈራራኝ ይቅር ልለው እችል ይሆናል፤ ስለ ችግኞቼ ግን አልልም። ደብተሩ ዛሬም አለኝ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ያ «ውሃው» የሚለው ቃል ነው። ውሃ አልነበረም፤ አልኮል ነበር። ደርግ የወደቀ ሳምንት ሰርዤ «ቀዩ» ብዬ መለስኩት። ንዴቴ ግን አብሮ አልወረደም።